ከሰዓት በኋላ ነይ

አዲስ ጨርቅ ካርቶኑ ሲቀደድ የሚያወጣው ሽታ አለ። የአሚዶ፣ የማሽን ዘይትና ውሃ ያልነካው ጥጥ ሽታ ነው፤ ከሌላ ሽታ ጋር አይምታታብኝም። ሰሞኑን ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ፣ ሜሮን በተከራየችው የልብስ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሸሚዝ ሳጣጥፍ ያ ሽታ መጣብኝ። ሜሮን የሟች እህቴ ልጅ ናት። እናቷ ካረፈች በኋላ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እቴቴ ትለኛለች። ሱቋ በማግስቱ ሊመረቅ ነው። መስታወቱ ተወልውሏል፣ ልብስ የለበሱት አሻንጉሊቶች ተደርድረዋል፣ ከበሩ አናት ላይ ደግሞ መብራት ያለው ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ስም ከእኔ የተገኘ ነው፤ ሀንድሰል ይላል።

ስም ፈልጊልኝ ብላ የመጣች ዕለት ተከራክሬያት ነበር። “አማርኛ ምን አደረገሽ?” ብላት፣ “እቴቴ ደግሞ! የአማርኛ ስም ያለው ሱቅ ጨርቅ ይሸጣል እንጂ ፋሽን አይሸጥም” አለችኝ። ከሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ቆሞ ዙሪያውን ያየ ሰው ይፈርዳል። ከጫማ ቤቱ እስከ ጥርስ ሐኪሙ ባዕድ ስም ያልለጠፈ የለም፤ ግማሾቹ ትርጉሙን ቢጠየቁ ላብ ያጠምቃቸዋል። እንግዲያው ባዕድ ካልሆነ አይሆንም ካለች፣ ቢያንስ ትርጉም ያለው ይሁን ብዬ ለብዙ ዘመን ለራሴ ብቻ ያስቀመጥኩትን ቃል አወጣሁላት። ግስ ነው አልኳት። እንግሊዞቹ ራሳቸው ዛሬ ብዙም አይሉትም። አንድ ነገር ሲጀመር፣ አዲስ ዓመት ሲገባ፣ አዲስ ቤት ሲገባበት፣ መልካም ይሁንልህ ብሎ ስጦታ መስጠት ማለት ነው። አዲስ ካፖርት ለገዛ ሰው ኪሱ ባዶ እንዳይሆን ሳንቲም ጣል ያደርጉለታል፤ ያ ድርጊት በዚህ ግስ ይጠራል። አንድን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ መጠቀምም ነው። ደግሞ በጠዋት ለነጋዴ ገበያ መክፈት፣ የመጀመሪያው ገዢ መሆንም ነው። ይህን ስትሰማ እጇን አጨበጨበች። “ገድ ማለት ነው በይኛ!” “ገድ ብቻ አይደለም፤ ሥሩን ስሚ እንጂ” ብዬ ሥሩን ልነግራት ስጀምር ስልኳ ጮኸ። እንደወጣች ቀረች። ቃሉን ግማሹን ይዛ ሄደች ማለት ነው።

ወደ ሸሚዙ ልመለስ። ያጠፍኩትን ተቀብላ ስታስተካክል ዐይኔን ሳታይ እንዲህ አለችኝ፤ “እቴቴ፣ ነገ የሚከፍቱልን የጎፋው ባለ ሕንፃ ናቸው። እጃቸው ገደኛ ነው፤ የከፈቱት ሱቅ ከስሮ አያውቅም ይላሉ። አንቺ... አንቺ ከሰዓት በኋላ ነይ፣ እሺ? እንዳትቀየሚኝ። እኔ አላምንበትም፤ ሰው ነው የሚያወራው።” እጄ ላይ ያለውን ሸሚዝ አጥፌ ጨረስኩ፤ እጅጌውን ወደ ውስጥ፣ አንገትጌውን ወደ ላይ። ይህችን “ከሰዓት በኋላ ነይ” የምትል ዐረፍተ ነገር ከዚሁ ሽታ ጋር አብሬ የሰማኋት ገና ልጃገረድ ሳለሁ ነው።

ያኔ መካኒሳ አቦ ከተማም ገጠርም ነበረች። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ የቆርቆሮ ሱቆች ተሰልፈው ይታያሉ፤ ከሱቆቹ ጀርባ ጤፍና ገብስ ነው። ገበሬዎቹ ጠዋት ወተት በጎንዳ ይዘው ይመጡና ከሰዓት ጨርቅ ሲያማርጡ ታገኟቸዋላችሁ። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት፣ ያኔ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ ኮንጎ ጫማ ያደረገ ሰው ጠቢብ ይባላል። ሻይ በሳንቲም ይጠጣል። ስሙኒ ኪሱ የገባ ጎረምሳ የተትሮን ሱሪውን ግርጌ እያወናጨፈ፣ ካንዱ ሻይ ቤት ራዲዮ ወደ ሌላው፣ ያንኑ ዘፈን ሳያቋርጥ እየሰማ ይንጎማለላል። ዓመተ ምሕረቱን አልጠቅስም፤ ጠቅሼው የሚረባኝ ነገር የለም። መንግሥት ተለወጠ በተባለ ቀን እንኳ አሠሪዬ ጋሽ ተካ የጠየቀው “ጨርቅ ይገባል ወይስ አይገባም?” ብሎ ብቻ ነው።

ጋሽ ተካ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። እኔ ጣቃ እያወረድኩ፣ እየመተርኩ፣ መልሼ እየጠቀለልኩ እውላለሁ፤ ማታ ማታ ቀለም ልቆጥር እሄዳለሁ። አንደኛ ክፍል የገባሁት እኩዮቼ ልጅ አዝለው በሚሄዱበት ዕድሜ ነው። አጠገቤ የሚቀመጠው ጋሽ ደምሴ የሚባል ዘበኛ ነበር፤ ዱላውን ከወንበሩ አስደግፎ “አስካለ፣ አንቺ አንብቢ፤ እኔ እጠብቅሻለሁ” ይለኝ ነበር። ከሌሎቹ ቀድሜ እደርስና መምህራችን አቶ ስዩም፣ ረጋ ያሉ ሰው፣ ልባሱ የተገነጠለ ወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያውሱኛል። ሌላው ልብ ወለድ እንደሚያነብ እኔ እሱን ከገጽ ገጽ እያነበብኩ እከርማለሁ። ምኑ ይጥማል ይሉኛል። ቃል ሲፈታ ማየት፣ ውልና ጫፉ የጠፋ ድውር ሲፈታ ማየት ነው፤ ያልቀመሰው አያውቀውም።

ጋሽ ተካ በጠዋት መዝጊያውን ግማሽ ብቻ ገፋ አድርጎ፣ አማትቦ፣ ይጠብቃል። የሚጠብቀው አስር አለቃ በቀለን ነው። አስር አለቃ ገደኛ ተብሏል፤ አንድ ቀን እሱ በጠዋት የሸሚዝ ቁልፍ ገዝቶ ሲወጣ ሦስት ጣቃ ካኪ በአንድ ጊዜ ስለተሸጠ። ከዚያ ወዲያ ምስኪኑ ሰውዬ በየጠዋቱ ቁልፍ ይገዛል። “አስር አለቃ፣ የዛሬውን ደግሞ የት ሊተክሉት ነው? ሸሚዝዎ ሞላ እኮ” ብዬ ስቀልድበት፣ “ቤቴማ የቁልፍ ግምጃ ቤት ሆነ፤ ሚስቴ ይዘህ ውጣልኝ ትላለች” ይለኛል። እስኪመጣ ድረስ ሌላ ሰው ቢመጣ “ገና አልከፈትንም” ይባላል፤ በሩ ተከፍቶ፣ እኛ ቆመን! ደግሞ ፈጽሞ በጠዋት የማይሸጥላቸው አሉ። ከእነሱ መካከል አንዷ እትዬ ደስታ ናት። ባሏን ቀብራለች፤ ሁለተኛ አግብታ እሱንም ቀብራለች። ጨውና ክብሪት እንኳ በጠዋት ሲያስፈልጋት ሰው ትልካለች። መንደሩ እንዲህ ብሎ ፈረደ፤ ማንም ይግባኝ አላለም። እሷም ለምዳው፣ ከእኩለ ቀን በፊት ሱቅ ደጃፍ ላለመታየት በጓሮ ትዞራለች።

አንድ ጠዋት በጓሮ ሳይሆን በፊት ለፊት መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። “ጋሽ ተካ፣ እናቴ ሌሊት አረፈችብኝ። መገነዣ አቡጀዲ ቁረጥልኝ” አለችው፤ ብሩን በመሐረብ ቋጥራ ይዛለች። ጋሽ ተካ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ከመቀመጫው ተነሳ፣ እግዜር ያጥናሽ አለ፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ ከልቡ አዘነ። ከዚያ “እትዬ ደስታ፣ ገና ገበያ አልከፈትኩም። እንዴት ብዬ በመገነዣ ልክፈት? ደግሞም... ታውቂዋለሽ። ከሰዓት በኋላ ነይ” አላት።

“ከሰዓት በኋላማ ቀብር ነው” አለች። አልጮኸችም። እኔ ብሆን የቆርቆሮውን ጣራ አነሳው ነበር።

ወደሚቀጥለው ሱቅ ሄደች፤ እሱም ገና አልከፈተም። የዚያኛው ቀጣይም እንዲሁ። ያ ሁሉ ሱቅ በሩን በርግዶ፣ አንዱ ሌላውን እያየ ገድ ይጠብቃል። ተመልሳ ከእኛ ሱቅ ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አስር አለቃ በቀለም የዚያን ዕለት ተረኛ ሆኖ ነው መሰለኝ የውሃ ሽታ ሆነ። እኔ ከኪሴ ሳንቲም አውጥቼ ጋሽ ተካን “እንካ፣ ክር ስጠኝ፤ ይኸው ከፈትኩልህ፤ አሁን ቁረጥላት” አልኩት። “የቤት ሰው እጅ ገበያ አይከፍትም፤ አርፈሽ ቁጭ በይ” አለኝ። “ጋሽ ተካ፣ ሬሳ ይጠብቃል ወይ?” “ገበያም አይጠብቅም!” አለና ፊቱን አዞረ። ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ። ከሁለት ወር ደመወዜ ቆጥቤ፣ ስዳር ለአንሶላ ይሆነኛል ያልኩት አቡጀዲ ሣጥኔ ውስጥ ነበር፤ ውሃ ያልነካው፣ አሚዶው ያልለቀቀ። አምጥቼ እቅፏ ላይ አኖርኩት። እጄን በሁለት እጇ ያዘች። ብሩን ልትሰጠኝ ስትል እምቢ አልኳት። እናቷ በእኔ አንሶላ ተገንዛ አቦ ተቀበረች።

ሥራዬን በማግስቱ አጣሁ፤ አላዘንኩም። ያዘንኩት በሌላው ነገር ነው። ሰነባብቶ አገባሁ፤ አንድ የመንገድ ሥራ ቀያሽ፣ ደግ ሰው፣ ስናወራ አፌን አይነጥቀኝም። ሁለተኛ ዓመታችንን ሳንደፍን በሽታ ወሰደው። ለቅሶው ቤት፣ ገና ከል ለብሼ እንደተቀመጥኩ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አንዷ ስታንሾካሹክ ሰማሁ፤ “የሙሽራ አንሶላዋን እኮ መገነዣ አድርጋ ሰጠች። በገዛ እጇ!” ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠች። በቃ፤ ፍርዱ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ እኔም በየሱቁ የከሰዓት ሰው ሆንኩ። ቢያንስ ጮክ ብለው አይነግሩኝም፤ “መምህርት፣ ዝርዝር የለኝም፤ ቆይተው ቢመለሱ” ይሉኛል። መምህርትም አልነበርኩም፤ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነበር የምጠብቀው፤ ግን እሱን ማን ያርመዋል።

ያን ቃል ያገኘሁት ከእትዬ ደስታ እናት ቀብር በኋላ ባለው ሰሞን ነው። መዝገበ ቃላቱን እጅ የሚለው ቃል ዘንድ አድርሼ፣ የእጅን ዘመድ አዝማድ ሁሉ እያነበብኩ ስወርድ ሀንድሰል ላይ ደረስኩ። በጠዋት ገበያ መክፈት ሲል ደነገጥኩ። ለካ እነሱም! ወይ ጋሽ ተካ፣ ለካ ወንድም አለህ! ተናድጄ ልዘጋው ስል ከታች ሥሩን አየሁ። ቃሉ ከሁለት ቃላት የተጋባ ነው፤ አንዱ እጅ ነው፣ ሌላው ማቀበል፣ መስጠት። ከሰሜን ባሕር ማዶ ያሉ የጥንት ሰዎች ውል ሲዋዋሉ እጅ ለእጅ ይያያዙ ነበር፤ እጅህን ከዘረጋህ ቃልህን ሰጠህ ማለት ነው። ገዱ፣ የጠዋቱ ሽያጭ፣ ሳንቲሙ፣ ይህ ሁሉ በኋላ የተቀጠለ ነው። እንዲያውም በአንዱ አገራቸው የዓመቱ የመጀመሪያ ሰኞ በዚህ ቃል ይጠራ ነበር አሉ፤ በዚያን ቀን ስጦታ የሚቀበሉት ጌቶቹ ሳይሆኑ አሽከሮቹና ልጆቹ ናቸው። አቶ ስዩምን ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩትና “አስካለ፣ ይህን ቃል ሰው ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም። ያረጀ ነው። ፈተና ላይ አይመጣም፤ ተዪው” አሉኝ። አልተውኩትም። ከሣጥኔ አቡጀዲው ወጥቶ ባዶ በቀረው ቦታ እሱን እንዳስቀመጥኩት ነው የምቆጥረው።

አሁን ንዴቴ ገባችሁ? የእኛውን ጋሽ ተካን ይቅር ልል እችል ይሆናል፤ ፊደል አልቆጠረም፣ አባቱም እንዲሁ ሲነግድ ነው የኖረው። ሜሮን ግን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ንግድ አስተዳደር ያጠናች ናት። ስልኳ ላይ ቀኑን ሙሉ ገበያ ስታጠና ትውላለች። በእነዚህ እጆች ነው ፀጉሯን የሠራሁላት፣ በእነዚህ እጆች ነው ደብተሯን የለበድኩት፣ ኩፍኝ ሲይዛት ውሃ እየነከርኩ ግንባሯን የያዝኩት። በእኔ እጅ ያደገ ሰው በእኔ እጅ ሱቅ መክፈት ይፈራል! ይህን ሁሉ አድርጋ ደግሞ በሯ ላይ ያንጠለጠለችው እጅ የሚለውን ቃል ነው። እጄን ከልክላ ቃሌን ወሰደች።

በምረቃው ዕለት ጠዋትም አልሄድኩ፣ ከሰዓትም አልሄድኩ። ስልክ ደወለች፤ አላነሳሁም። ሁለት ሳምንት እንዲሁ ተኮራርፈን ከረምን፤ ከቤቴ ደጃፍ ቲማቲም ከምትሸጠው ሴትዮ በቀር ከሰው ጋር ብዙም አላወራሁም። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ብከፍት ሜሮን ናት። ባጃጅ አቁማለች፤ ከባጃጁ ውስጥ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር ከሾፌሩ ጋር እየጎተቱ ያወርዳሉ። ቃሌ ነው። ሰሌዳው።

“እቴቴ፣ እንዴት አደርሽ” አለች። ፊቷ ከስቷል። “ይሄን... ይሄን እዚህ ላስቀምጥ ብዬ ነው።”

“ምነው? መብራቱ ተበላሸ?”

“አይ።” ጣቷን ታፍተለትላለች። “ገበያው አልቀናኝም። የምረቃው ቀን ሰውዬው ስድስት ሰዓት አልፎ ነው የመጡት፤ እሳቸው እስኪከፍቱ ብዬ ስንቱን ገዢ መለስኩ! አንዷማ ‘ሱቅ ነው ሙዚየም?’ ብላኝ ሄደች። መጥተውም አንድ ካልሲ ገዝተው፣ ፎቶ ተነስተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ዝንብ ነው የምከላከለው። ጓደኞቼ ደግሞ...”

“ጓደኞችሽ ምን አሉ?”

“ስሙ ነው አሉኝ። ስሙ ገደ ቢስ ነው። ሌላ ስም ትፈልጊልኛለሽ? አንቺ አታጪም።”

ሳቅ መጣብኝ፤ ሳቁ ግን ከንዴቱ ሥር ነበር። ባለ ሕንፃው ስድስት ሰዓት አሳልፎ መጣ፤ ገደ ቢስ የተባለው ማነው? ቃሉ! እትዬ ደስታ፣ ከዚያ እኔ፣ አሁን ደግሞ አፍ አውጥቶ የማይከራከር አንድ የባዕድ አገር ግስ። ጥፋተኛ ሲታጣ ጥፋቱን የሚሸከም አይጠፋም።

“ሰሌዳውን አስገቡት” አልኩ ለሾፌሩ። “ቀስ ብለህ፣ ወንድሜ፤ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጎን አስደግፈው።” አስገባው። ሜሮንም ተከትላ ልትገባ እግሯን ስታነሳ እጄን በሩ ላይ አደረግኩ።

“ለስሙ ላስብበት” አልኳት። “አንቺ ከሰዓት በኋላ ነይ።”

ይህችን ዐረፍተ ነገር በሕይወቴ ለማንም ብያት አላውቅም። ከአፌ ስትወጣ እንኳ የእኔ አልመሰለችኝም። ሜሮን መጀመሪያ ልትስቅ ቃጣት፤ ከዚያ አየችኝ፤ ከዚያ የማውቀው የልጅነት ፊቷ ቀስ እያለ መጣ። እናቷ ሳትነግራት አልቀረችም፤ የእትዬ ደስታን ነገር፣ የአንሶላውን፣ ሁሉንም። ታሪኩን የምታውቀው ግን ሱቅ ውስጥ ከነበረው ሰው ወገን ሆና ነበር፤ ከድንጋዩ በኩል አይታው አታውቅም። በሩን ዘጋሁት።

ትሄዳለች ብዬ ነበር። ባጃጁ ሄደ፤ እሷ አልሄደችም። በመስኮት ሳይ፣ ከቲማቲም ሻጯ ጎን ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ታቅፋለች። ሻጯ አንድ ነገር ስትላት ራሷን ነቀነቀች። ፀሐዩ ከአጥሩ ጥላ አወጣት፤ አልተነሳችም። እኔ ሽሮ ጣድኩ፤ ለሁለት ሰው ይበቃል። ሰሌዳው ከመደርደሪያው ጎን ቆሞ ያየኛል። ሰባት ሰዓት ሲሆን እከፍትላታለሁ፤ እጇን ይዤ ነው የማስገባት፤ የቃሉንም ሥር ስልኳን ቀምቼ እጨርስላታለሁ ብዬ ወሰንኩ። ሰባት ሰዓት ግን አልደርስ አለ። ደጃፍ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ከበሩ ውስጥ የቆመም ሰው እንዲህ እንደሚጠብቅ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም ነበር፤ ጋሽ ተካም ቢሆን አልነገረኝም።